«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ አይወደኝም»

ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። «እኔና ኮዲንግ አንተዋወቅም» የምትሉም አትለፉት፤ ግማሹ ስለ ኮዲንግ አይደለም። ትዕዛዞቹን በፊደላችን ስለጻፍኳቸው ኮፒ አድርጋችሁ እንዳትለጥፏቸው፣ አይሠሩም። (አንድ ሰው ግን ማድረጉ አይቀርም፤ አውቃችኋለሁ።)

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። ከዩቲዩብ የአንድሮይድ አፕ መሥራት እየተማረ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ሁሉንም ጫንኩት፣ አንዱም አይሠራም» አለኝ። አየሁለት። ጃቫ አለ፣ ጊት አለ፣ ፓይተን አለ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ አለ። ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ለማውረድ ያወጣውን ብር ሳስበው እኔ ደከመኝ። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ባክስላሽ፣ ዩዘርስ፣ ባክስላሽ ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አራት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ሦስት ሳጥን።

እነዚያን ሳጥኖች ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁ። የት እንዳየኋቸውም ወዲያው ትዝ አለኝ። ልጁ «ምነው ጋሼ?» እስኪለኝ ድረስ ዝም ብዬ ስክሪኑን ሳይ ቆየሁ።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ጃቫ አስተምር ነበር። ላብ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ስለማይነሱ፣ ላፕቶፕ ያለው የራሱን ይዞ ይመጣል። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ላፕቶፗን አረብ አገር ያለች አክስቷ ናት የላከችላት፤ ፕላስቲኩን እንኳን ከስክሪኑ ጠርዝ አልላጠችውም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ቲቸር፣ ራን ስለው እንቢ አለኝ» አለችኝ። «መመሪያውን እንደገና አንብቢው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንትም ያው። በሦስተኛው ሳምንት «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ አይወደኝም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጎንበስ ብዬ ስክሪኗን አየሁት፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የሾርትከት ቫይረስ ፍላሹን ሁሉ የፈጀበት ዘመን ስለነበር «ይኼ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አስደርጊው። መመሪያው ለሃምሳ ሰው ሠርቷል» አልኳትና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። ፈተናውን አለፈች፤ በወረቀት ነበርና። በግሩፕ ፕሮጀክት ጊዜ ወንዶቹ ኮዱን ሲጽፉ እሷ ዶክመንቴሽኑን ጻፈች። ይኼን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! አንዲት ሴት ልጅ ያለችበት ግሩፕ ከሆነ ዶክመንቴሽኑን ማን እንደሚጽፈው ሳይነገረኝ አውቃለሁ። ያኔ ግን ምርጫዋ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ እንመለስ። የጎረቤቴን ልጅ አባት ጠየቅኳቸው። ላፕቶፑን የገዙለት እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ሲከፈት አካውንት ሲጠየቁ የልጃቸውን ስም ከአባት ስም ጋር በአማርኛ አስጻፉለት። ለምን አያስጽፉ? ስሙ በአማርኛ ነው! ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ስም ይወስድና የልጁን ዋና ፎልደር በዚያው ይሰይመዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ስለሆነ ፎልደሩ ራሱ ምንም ችግር የለበትም፤ በመዳፊት ብትከፍቱት ስሙ አምሮ ይታያል። ጥቁሩ መስኮት ግን የሚጠቀምበት ፎንት ውስጥ የእኛ ፊደል የለም፤ ስለዚህ ሳጥን ያሳያል። ሳጥኑ ቫይረስ አይደለም። ስም ነው።

ሳጥኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልከፋ። ችግሩ ያለው ከላይ በሚጫኑት መሣሪያዎች ላይ ነው። ብዙዎቹ የፎልደር ስም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው ብለው ነው የተሠሩት። በዚያ ዘመን የነበረውን ጃቫ ውሰዱ። ኮዱን የምትጽፉበት ፕሮግራም ጃቫን ሲጠራው «ፋይሉ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ» ብሎ ሙሉ አድራሻውን ይሰጠዋል። ጃቫ አድራሻውን ሲቀበል የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ከዚያ በጥያቄ ምልክት የተሰየመ ፎልደር ሊፈልግ ይሄዳል። የለማ! ተመልሶ «ዋናውን ክላስ ላገኘው አልቻልኩም» ይላችኋል። ኮዳችሁ አንድም ስህተት ላይኖርበት ይችላል። ጀማሪ ግን ይኼን መልእክት ሲያይ የሚጠረጥረው ኮዱን ነው፤ ኮዱን አሥር ጊዜ አስተካክሎ ካልሆነለት ደግሞ ራሱን።

ክፍተቱም የራሱ ጣጣ አለው። የትዕዛዝ መስኮት ቃላትን የሚለየው በክፍተት ነው። ስምና የአባት ስም በክፍተት ሲጻፍ፣ በጥቅስ ምልክት ካልታሰረ በስተቀር፣ መሣሪያው የመጀመሪያውን ቃል አድራሻ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሌላ ትዕዛዝ አድርጎ ያየዋል። «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። አካውንቱን ከኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ ስሙን ብትቀይሩት የሚቀየረው የሚታየው ስም ብቻ ነው፤ ፎልደሩ በድሮ ስሙ ይቀራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ አጭር ስም ያለው አዲስ አካውንት ክፈቱና ፋይሎቻችሁን ወደዚያ አዛውሩ። ለልጁ ይኼንኑ አደረግኩለት፤ ከሰዓት በኋላ የአንድሮይዱ ኢሙሌተር ተነሳ። ልጁ ዘለለ። አባትየው ግን «ስሙ በአማርኛ መሆኑ ነው ጥፋቱ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው። እውነት ነው፣ አይደለም። ግን ስሙን አጠፋሁት አይደል? ይኼን ምክር በሰጠሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ፋይሎቻችሁን ግን በአማርኛ ሰይሙ፤ እሱ ላይ አልደራደርም። ጊት ላይ ስታዩት የፋይሉ ስም በጥቅስ ውስጥ 341 210 260 እያለ የቁጥር ክምር ሆኖ ከመጣባችሁ አትደንግጡ፤ ያ «ሰ» ነው። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለሁሉም 341 ነው። ጊት ኮንፊግ ላይ «ኮር ነጥብ ኮውትፓዝ» የሚለውን «ፎልስ» ብታደርጉት በፊደሉ ያሳያችኋል። ይኼን ያወቅኩት ጊትን ለዓመታት ከተጠቀምኩ በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል።

እስኪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ማስተማር ሲገባኝ ያላስተማርኩትን ነገር ልንገራችሁ፤ ፓዝን። የተማሪዎቼ ግማሽ «ፓይተን ጫንኩ፣ ግን ፓይተን ብዬ ስጽፍ አላውቀውም ይለኛል» እያሉ ይመጡ ነበር። ልጅ በርበሬ ግዛ ተብሎ ሲላክ አስቡት። እናቱ የሱቆች ዝርዝር ትሰጠዋለች፤ መጀመሪያ እዚህ ሂድ፣ ከሌለ ቀጥሎ እዚያ። ልጁ ዝርዝር ውስጥ ወደሌለ ሱቅ አይሄድም፣ በርበሬው ከፊት ለፊቱ ቢሰጣ እንኳን። ደግሞም ከመጀመሪያው ሱቅ ካገኘ፣ የተሻለው አራተኛው ሱቅ ቢኖርም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ፓዝ ማለት ያ ዝርዝር ነው። አንድ መሣሪያ ተጭኖ «አላውቀውም» ከተባላችሁ ሱቁ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። የድሮው ቨርዥን እየተነሳ ካስቸገራችሁ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ተጽፏል። ዊንዶውስ 10 ላይ ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ የማይክሮሶፍት መደብር ከተከፈተባችሁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ፓይተን የሚል ስም የያዘ ባዶ መጠቆሚያ ቀድሞ ተቀምጧል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አፕ ኤክስኪውሽን ኤሊያስ» የሚለው ላይ አጥፉት።

ፓዙን ካስተካከላችሁ በኋላ ደግሞ መስኮቱን ዝጉና አዲስ ክፈቱ። ልጁ ዝርዝሩን የሚቀበለው ከቤት ሲወጣ ነው፤ መንገድ ላይ እያለ እናትየው ብትቀይረው አያውቅም። የምትጽፉበት ኤዲተርም ተከፍቶ ከነበረ ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ይኼ ነገር ብቻ ስንት ሰዓት እንደበላኝ!

የራሴንም ጉድ ልናገር፣ የተማሪ ብቻ አይሁን። አንድ ጊዜ የላቡ ማሽኖች ላይ ፓዝ ለማስተካከል ሴትኤክስ በሚባለው ትዕዛዝ አንድ መስመር ጻፍኩና ባች ፋይል አድርጌ በየማሽኑ አስኬድኩት። ኩራቴ! ሴትኤክስ ግን ከ1024 ሆሄ በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል። የላቡ ፓዝ ደግሞ ከዚያ ይረዝም ነበር። ጅራቱ ተቆርጦ ቀረ፤ በማግስቱ ዳታቤዝ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ክፍል ገብቶ አንድም ነገር አልከፈት አለው። «ቫይረስ ይሆናል» አልኩት። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ማታ ብቻዬን ገብቼ አንድ በአንድ አስተካከልኩት። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ይኼን ካነበብክ ቡና በእኔ ሂሳብ ነው።

ሁለተኛው የእንባ ምንጭ ኤዲተር ነው። ጊት ላይ ኮሚት ስታደርጉ መልእክቱን እዚያው ካልጻፋችሁ፣ ጊት ራሱ ኤዲተር ይከፍትላችኋል። ምንም ካልመረጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ቪም ነው። ጊት ሲጫን እኮ «የትኛውን ኤዲተር ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናንተ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። ከዚያ ቪም ይመጣና ስትጽፉ አይጽፍም፣ ስትዘጉት አይዘጋም። አንድ ተማሪዬ ባትሪውን ነቅሎ ነው የወጣው። በነገራችን ላይ እሱ ብቻ አይደለም፤ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ «ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚለው ጥያቄ በፈረንጆች 2017 ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር። መውጫው ይኸውና፦ ኢስኬፕ ተጫኑ፣ ሁለት ነጥብ ጻፉ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ኢንተር። አስቀምጣችሁ ለመውጣት ከሆነ ሁለት ነጥብ፣ ደብሊው፣ ኪው።

ቪምን ግን አትስደቡብኝ። አያቱ ቪአይን ቢል ጆይ በርክሌይ ተማሪ ሳለ በ1976 ነው የጻፈው። የተጠቀመበት ተርሚናል ላይ የቀስት ምልክቶቹ የተሳሉት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ፊደላት ላይ ስለነበር፣ ዛሬም ቪም ውስጥ በእነዚያ ፊደላት ነው የሚኬደው። ቪምን ራሱን ደግሞ ብራም ሞሌናር የሚባል ሆላንዳዊ በ1991 አወጣው፤ በነጻ ነው፣ ግን ሲከፈት ኡጋንዳ ውስጥ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እርዱ ይላል። ሰውየው በ2023 እስኪሞት ድረስ ይኼ መስመር አልጠፋም። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼ ሶፍትዌር የኡጋንዳ ነው እንዴ?» ብላኝ ታውቃለች።

ሌላ ኤዲተር ከፈለጋችሁ ጊት ኮንፊግ ላይ «ኮር ነጥብ ኤዲተር» የሚለውን ቀይሩ። ቪኤስ ኮድ ለምታደርጉ አንድ ቃል አትርሱ፤ «ኮድ» ካላችሁ በኋላ ሁለት ሰረዝ «ዌይት»። ጠብቅ ማለት ነው። እሱን ካላላችሁት ኤዲተሩ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው «ጨርሻለሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ጊት ደግሞ ገና ምንም ያልጻፋችሁበትን ወረቀት አንብቦ «መልእክቱ ባዶ ነው፣ ኮሚቱን ትቼዋለሁ» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቪም ይመለሳል፣ ከዚያ ባትሪ ይነቅላል።

ኢክሊፕስ ወይም ኢንተሊጄ ውስጥ «ኤክስተርናል ቱልስ» የሚለው ላይ የራሳችሁን መሣሪያ የምታስገቡ ሰዎችም የሚሞሉት ሦስት ነገር ነው፤ የትኛው ፕሮግራም፣ ምን ተብሎ ይታዘዝ፣ የት ፎልደር ሆኖ ይሥራ። ሁሉም ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይሞላና ሦስተኛውን ባዶ ይተወዋል። ከዚያ «በጥቁሩ መስኮት ይሠራል፣ ከዚህ ስጠራው ግን ፋይሉን አጣው» ይላል። ፋይሉ አልጠፋም፤ መሣሪያው ሌላ ፎልደር ውስጥ ቆሞ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ ቅዳሜ ማታ ያቺን ልጅ በቴሌግራም ፈለግኳት። በአንድ የቀድሞ ተማሪ በኩል አገኘኋት። ብዙ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያ ላፕቶፕሽ ላይ ስምሽ የተጻፈው በአማርኛ ነበር?» ብቻ አልኳት።

«ቲቸር! እንዴት ነዎት? እንዴት አስታወሱኝ?» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «አዎ። ወንድሜ ነው የጻፈልኝ። እርስዎ ፎርማት አስደርጊ ሲሉኝ ሱቅ ወስጄ ከፍዬ አስደረግኩ፤ ቤት ስመልሰው ወንድሜ አካውንት ከፍቶ እንደገና ስሜን ጻፈልኝ። ምነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ሳጥኑን፣ የጥያቄ ምልክቱን፣ ስክሪኗን አይቼው እንዳለፍኩ። ይቅርታም ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ አልመለሰችም። እያነበበች እንደሆነ ይታያል። በመጨረሻ የጻፈችው ይኼን ነው፤ ፈቅዳልኝ ነው የማካፍላችሁ፦

«እኔ እኮ ጭንቅላቴ ነው ብዬ ነበር።»

ምን ይባላል? ምንም አላልኩ። እሷው ናት የቀጠለችው። አሁን ባንክ ነው የምትሠራው፣ ሁለት ልጆች አሏት። ኮዲንግ ትጀምር እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ኧረ ቲቸር፣ አሁን ጊዜውም የለኝ፣ ፍላጎቱም አልፏል» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ አልተጽናናችምም። ላፕቶፑ እናቷ ቤት አለ፤ ወንድሟ ፊልም ያይበታል። ሰላም ተባብለን ተለያየን። ከዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ መልእክት ጨመረች፤ «ቲቸር፣ ለትልቋ ልጄ ኮምፒውተር ስገዛ ማን ይጫንልኝ?» እኔ እጭናለሁ አልኳት።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ ይኼ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቤቴ በራፍ ላይ እቀመጣለሁ። ትምህርት የለም፣ ኮድ የለም። መጫን ብቻ። ጀማሪ የሆነ፣ «ሁሉም ሠርቶላቸው እኔ ብቻ እንቢ አለኝ» የሚል፣ ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ይዞ ይምጣ፤ ዲቫይደር እኔ ጋ አለ። የትልልቆቹን ሶፍትዌሮች ኢንስቶለር በሃርድ ዲስክ አዘጋጅቻለሁ፣ ዳታችሁን አትጨርሱ። የምታስተምሩ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ሁለታችሁ ብትመጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን አልችለውም።

ሩቅ ያላችሁ ስክሪናችሁን ፎቶ አንስታችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ። ስህተቱን ቆርጣችሁ ሳይሆን ከላይ ያለውን መስመር ጨምሮ፣ ሙሉውን። እባካችሁ ደግሞ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ባለፈው የላካችሁልኝን አንገቴን አጣምሜ ነው ያነበብኩት።